ከወደብ የመጣው ጆንያ

ወንድሜ ጆንያ ጠጋኝ ነበር። ይህን ስናገር የሚስቁ አሉ። «እሱም ሥራ ሆኖ!» ይላሉ። ሥራ ነው። ቡና ያለበት አገር ጆንያ አለ፤ ጆንያ ያለበት ደግሞ ቀዳዳ አለ።

ቴፒ፣ ከቤታችን ሁለት አጥር አልፎ፣ የቡና መጋዘን ነበር። ዛሬም አለ። ይህን የምጽፈው እዚያው መጋዘን ውስጥ፣ ከሚዛኑ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ወንድሜ አባታችን በወባ ከሞተ ጀምሮ እዚያ ይሠራ ነበር። አባታችን ከወሎ የመጣ የቡና እርሻ ሠራተኛ ነበር። ስለ እሱ የማስታውሰው ትንሽ ነው፤ ኮቱን፣ ሳሉን። «አባት» ሲባል በሐሳቤ የሚመጣው እግሩን ዘርግቶ፣ ጆንያ ጭኑ ላይ አንጥፎ፣ መርፌውን በጥርሱ ይዞ የሚቀመጠው ወንድሜ ነው። በስምንት ዓመት ይበልጠኛል። ይበልጠኝ ነበር ልበል? እንዴት እንደሚጻፍ አላውቅም።

አጠጋገኑ የራሱ ነበር። ቀዳዳው ላይ እራፊ አድርጎ ዙሪያውን ይሰፋል፤ እዚህ ድረስ እንደ ሌላው ሰው ነው። ሌላው ጠጋኝ ሲጨርስ ሲባጎውን ቋጥሮ ይበጥሰዋል። ወንድሜ አይበጥስም። ከሽንኩርት ከረጢት የመዘዘውን ቀይ ክር ከሲባጎው ጋር ደርቦ፣ እንደ ሴት ልጅ ሹሩባ ይጎነጉነውና የጣት ያህል ጭራ ይተውለታል።

«ለምንድን ነው የምትተወው፣ ጋሼ?» አልኩት አንድ ቀን። መጎንጎን እያስተማረኝ ነበር።

«ለሚቀጥለው።»

«ለሚቀጥለው ማን?»

«ለሚቀጥለው ጠጋኝ። ጆንያ መንገደኛ ነው፤ የት እንደሚቀደድ አታውቅም። ክር የሌለው ሰው እጅ ላይ ቢወድቅ ይህን ይፈታና ይሰፋበታል።»

«ማን እንደተወለት በምን ያውቃል?»

«ማወቅ አለበት እንዴ? ጠበቅ አድርገው እንጂ! የአይጥ ጭራ አስመሰልከው።»

በዚያን ጊዜ ቴፒ ባሕር አይታ አታውቅም፤ ወደቡን ግን እንደ ጎረቤት ታውቀው ነበር። መጋዘኑ በር ላይ ከባድ መኪናዎች ይሰለፋሉ። ቡናችንን ጭነው በሚዛን ከተማ፣ በጅማ አድርገው ይሄዳሉ። አብዛኛው መኪና አዲስ አበባ አራግፎ ነበር የሚመለሰው፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ መኪና ይረከበዋል። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። ያኔ ግን ሁሉም ሾፌር አሰብ ደርሶ፣ እጁን በባሕር ታጥቦ የመጣ ይመስለን ነበር። ሲመለሱ ልባሽ ልብስ፣ የላስቲክ ጫማ፣ የባትሪ ድንጋይ ይዘው ይመጣሉ። አረንጓዴው ሹራቤ ከዚያ የልባሽ ክምር የተገዛ ነው። ጨዋችን የአሰብ ጨው ነበር። የላስቲኩን ከረጢት እስከ ዛሬ «ማዳበሪያ» የምንለው መጀመሪያ ያየነው ማዳበሪያ ተሞልቶበት ከወደብ ሲመጣ ስለሆነ ነው። ትምህርቱን ጥሎ ረዳት የሆነ ልጅ በየሠፈሩ አለ። «የት ነው ልጅሽ?» ስትባል «ወደ አሰብ መስመር ነው» የምትል እናት አንገቷን ቀና ታደርግ ነበር።

ይህ ሁሉ ያልደነቃቸው አንድ ሰው ነበሩ። የሠፈራችን የእድር ዳኛ ናቸው፤ ከመጋዘኑ ትይዩ በራቸው ላይ ይቀመጣሉ። ወንድሜ ወደ ወደብ ልሄድ ነው ብሎ ሊሰናበታቸው ሲሄድ አብሬው ነበርኩ።

«እኔ በወጣትነቴ ከማሻ ወደ ጋምቤላ በቅሎ እነዳ ነበር» አሉት። «ቡና እንጭናለን፣ ሰም እንጭናለን። ባሮ ሲሞላ ከሱዳን መርከብ ይመጣል፤ ክረምት ክረምት ብቻ። ጨው ጭነን እንመለሳለን። ያን ጊዜ ጨዋችን በወንዝ ነበር የሚመጣው። በየመንገዱ ጠላ ቤቱ፣ ማደሪያው፣ የበቅሎ ገለባ ሻጩ! ሰው መርከቡን አምኖ መንደር ሠራ። አንድ ክረምት መርከቡ ቀረ።»

«ለምን ቀረ?» አልኩ እኔ።

«ለበቅሎ ነጂ ማን ይነግረዋል? ወንዙ ሞልቷል፤ መርከብ የለም። ዳር ላይ ቁጭ ብለን ጠበቅን። ጓደኛዬ በወባ እዚያው ሞተ። በዓመቱ በዚያ መንገድ ባልፍ መንደሩ ጫካ ሆኗል።»

ወንድሜ ሳቀ። «አባባ፣ አሰብ እኮ ባሕር ነው፤ አይደርቅም።»

«ባሮ መቼ ደረቀ አልኩህ?» አሉት።

የሄደው በ1987 ዓ.ም. ነው፤ በአንድ ሾፌር ረዳትነት። አሰብ ሲደርስ ከመኪናው ወረደና እዚያው ቀረ። መርከብ ሲራገፍ የሚቀደደው ጆንያ ብዙ ነበርና መርፌ የያዘ ሰው ሥራ አያጣም። እናቴን ሲሰናበት ያላትን ቃል በቃል አስታውሳለሁ፤ ከዚያ በኋላ ቤታችን የኖረው በዚህ ቃል ስለሆነ።

«እማዬ፣ ደብዳቤ ቢዘገይ አትጨነቂ። የጨው ጆንያም እጠግናለሁ። ገበያ ስትወጪ ጭራዬን ፈልጊ። ካገኘሽ ደህና ነኝ ማለት ነው።»

«ካላገኘሁስ?»

«ያን ጊዜማ ጨዉ ወደ ጎጃም ሄዷል ማለት ነው!»

እሷም ሳቀች። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ግን መፈለግ ጀመረች። ጨው የሚያከፋፍለው ባለሱቅ ከጉራጌ አገር የመጣ ቀልደኛ ሰው ነው። በየሳምንቱ ጆንያዎቹን አንድ በአንድ ስታገላብጥ ያያታል።

«እትዬ፣ ጨው ሊገዙ ነው ወይስ ጆንያ ሊድሩ?»

«አንተ ምን ቸገረህ? ያኛውን አዙርልኝ።»

«ሙሽራዋ እሷ አይደለችም፣ ከሥር ያለችው ናት!» ይልና ያዞርላታል። ሰድቦም ቢሆን ሁልጊዜ ያዞርላት ነበር።

በሦስት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ አገኘች። የመጀመሪያውን ቀን አልረሳውም። ቀይና ቡናማ ጉንጉን፣ የጣት ያህል። እናቴ ጫፉን ይዛ በእንግሊዝኛ እንደተጻፈ ደብዳቤ ትኩር ብላ አየችው፤ ከዚያ ሳመችው። ባለሱቁ ያን ቀን አልቀለደም።

ግንቦት 1990 ላይ ጦርነቱ ተነሣ።

ስለ ጦርነቱ የማውቀው ሬዲዮ የነገረንን ነው፤ ከመጋዘኑ በር ያየሁት ግን ሌላ ነው። መኪናዎቹ ቆሙ። ቡና እስከ ጣሪያው ድረስ ተከምሮ ክረምቱ ገባበትና ሻገተ፤ ሽታው ሠፈሩን ሁሉ ያዘ። ተሸካሚዎቹ ግድግዳ ተደግፈው ቀኑን ሙሉ ዳማ ይጫወታሉ። ጨው ከሱቅ ጠፋ። ሰው ጨው ለመበደር ጎረቤት ይሄድ ጀመር፤ በቡና ስኒ እየተሰፈረ። እስከዚያ ድረስ ባሕር ማለት ለእኔ የሥዕል መጽሐፍ ነበር። ያን ክረምት ግን የእኛ ወጥ ውስጥ እንዳለ፣ እንደነበረ፣ ገባኝ። ዳኛው በራቸው ላይ ተቀምጠው የቆሙትን መኪናዎች ያያሉ፤ «አላልኳችሁም?» አላሉም። ቢሉ ይሻለኝ ነበር።

ከወንድሜ ምንም አልመጣም። ደብዳቤም፣ ጭራም።

መስከረም ካለፈ በኋላ ቡናው በጅቡቲ በኩል መውጣት ጀመረ፤ መኪናዎቹ ተነሡ፤ ጨውም ከሌላ አገር መጣ። በኅዳር አንድ የማናውቀው ሰው ቤታችንን ጠይቆ መጣ። አሰብ ወደብ ላይ ከወንድሜ ጋር ተሸካሚ የነበረ ነው። በበረሃ የተሰነጠቀው ከንፈሩ ገና አልዳነም ነበር። እናቴ ወንበር ሰጠችው፤ አልተቀመጠም።

«ወደቡ ሲዘጋ ሥራ ቆመ» አለ። «መውጫ ጠፋ፤ መንገዱ ጦር ነው። በበረሃው በኩል በእግር ወጣን፤ ብዙ ነበርን። በሦስተኛው ቀን ልጅዎ ቁጭ አለ። ተነሥ አልነው። 'ትንሽ ልረፍ፣ እደርስባችኋለሁ' አለን። ውኃ አልነበረንም፣ እናቴ። ሲቀመጥ አይቻለሁ። ሲነሣ አላየሁም።»

«ሞቶ አይተሃል?» አለችው።

«አላየሁም።»

«ቀብረሃል?»

«አልቀበርኩም።»

«እንግዲያው የተቀመጠ ሰው ይነሣል» አለች። እንጀራ አቀረበችለት። ሰውየው አንድ ጉርሻ ጎርሶ መዋጥ አቃተው።

በእኛ አገር ሞት ዝም ብሎ አይሰማም፤ መርዶ አለው። የእድሩ ዳኛና ሽማግሌዎች ገና ሳይነጋ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ መጥተው በር ያንኳኳሉ። ያን ጊዜ ነው ሞቱ ሞት የሚሆነው፤ ድንኳን ይተከላል፣ ይለቀሳል። ዳኛው ያን ሰው ጠርተው ጠየቁት። «አላየሁም» አለ እንደገና። ሽማግሌዎቹ ተነጋገሩና «አላየሁም ባለ ሰው ቃል መርዶ አናረዳም» አሉ። ልክ ናቸው። ግን በዚያ ልክ በሆነ ነገር ውስጥ እኛ ተዘጋብን።

በቤታችን ማልቀስ ክልክል ሆነ። ማንም በቃል አልከለከለም። አንድ ቀን ዓይኔ እንባ ሲያቀርር እናቴ አየችኝና «ምን ሆነሃል? ሰው ሞተብህ?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ አላለቀስኩም። የወንድሜ አልጋ በየሳምንቱ ይነጠፋል። ሚዛን ያሉ ዘመዶቻችን ለሠርግ ሲጠሩን አንሄድም፤ ቤት ባዶ መሆን የለበትም። አማን ጤና ጣቢያ ሂጂ ስትባል እንኳ፣ ወገቧን እያመማት፣ «እሱ ሲመጣ ይወስደኛል» ትላለች። ጎረቤት ሲመጣ ስለ እሱ «ይላል»፣ «ይወዳል» እያልን እናወራለን። «ይል ነበር» ያለ ሰው ቡና አይጠጣም።

አሥረኛ ክፍልን ጨርሼ በእረፍቱ መጋዘን ገባሁ፤ በወንድሜ ቦታ፣ በወንድሜ መርፌ። የመጀመሪያውን ቀዳዳ ሰፍቼ ስጨርስ ሲባጎውን መበጠስ አቃተኝ። ቀይ ክር አልነበረኝም። የሹራቤን እጅጌ ጫፍ ተረተርኩና አረንጓዴውን ክር ከሲባጎው ጋር ጎነጎንኩት። አጠበቅኩት፤ የአይጥ ጭራ አልመሰለም። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሌላ። በአንድ ወር ውስጥ እጅጌዬ እስከ ክርኔ ደረሰ። ለምን እንዳደረግኩት ዛሬም በደንብ አላውቅም። ሌላ የማለቅስበት ቦታ አልነበረኝም፤ ይኸው ነው። ጆንያዎቹ ቡና ተሞልተው ሄዱ፤ ረሳኋቸው።

ጆንያ ግን መንገደኛ ነው። ቡና ያራገፈው ጨው ተሞልቶ ይመለሳል።

ወራት አለፉ። አንድ የገበያ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ከባለሱቁ በር ላይ ሰው ተሰብስቧል። የእናቴ እልልታ ነው የሰማሁት። እንደዚያ እልል ስትል በሕይወቴ ሰምቻት አላውቅም። ስደርስ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ ጆንያው ጭኗ ላይ ነው፤ ግማሹ ጨው ተደፍቷል።

«መጣ!» አለችኝ። «እጁ መጣ! እየው፣ ጭራው!»

አየሁት። ሲባጎውን አየሁ፤ ከሲባጎው ጋር የተጎነጎነውን አየሁ። ጨውና አቧራ በልቶት አመድማ ሆኗል፤ ከሥሩ ግን አረንጓዴ ነው። ሁለቱንም እጅጌ እስከ ክርኔ ጠቅልዬ ሹራቡን ለብሼው ነበር። እጄን ወደ ኋላዬ ደበቅኩ።

«ቀይ አይደለም፣ እማዬ» አልኩ። ያልኩት ይህን ብቻ ነው።

«ለቆ ነዋ! የባሕር ፀሐይ ምኑን ይተዋል?»

«አሰብ እኮ ዝግ ነው።»

«አሰብ ነው ማን አለህ? አሁን ሁሉ ነገር በጅቡቲ አይደለም? ተነሥቶ ጅቡቲ ገብቷል። ጆንያ የማይቀደድበት ወደብ አለ? ወይ ልጄ! ሥራውን እዚያም አላጣ!»

ባለሱቁ አየኝ። ጭራውንም አየ፤ ሹራቤንም አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የተደፋውን ጨው ማፈስ ጀመረ። «እንኳን ደስ ያለዎት፣ እትዬ» አላት። ጆንያውን ከነጨዉ እስከ ቤታችን በጋሪ አስላከላት።

አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። «የእኔ ነው»። ምሳ ላይ እለዋለሁ አልኩ። ምሳ ላይ ግን እናቴ በላች፤ ከዓመት በኋላ ጠግባ በላች፤ አጎረሰችኝም። ከጉርሻው ጋር ዋጥኩት። ነገ አልኩ። በማግሥቱ ጎረቤት ሁሉ እንኳን ደስ አላችሁ ሊል መጣ። ከዚያ በኋላ ነገ የሚባለው ቀን እየራቀ ሄደ።

ጨዉን እንስራ ውስጥ ጨምራ አፉን በጨርቅ አሰረችውና ከወንድሜ አልጋ ሥር አስቀመጠችው። ማንም አይቀምሰውም፤ እሱ ሲመጣ ነው የሚከፈተው። ጆንያውን አጥባ አልጋው ላይ አነጠፈችው። ጭራውን ወደ ራስጌ አድርጋ። እኔ የምተኛው ፊት ለፊት ካለው መደብ ላይ ነው። በየማለዳው ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ የማየው የራሴን እጅ ሥራ ነው።

ሹራቡን ጣራው ሥር፣ ከአሮጌ ቅርጫት ኋላ ደበቅኩት። «የት አደረስከው?» ብትለኝ «ጠፋ» አልኳት። በውሸት ላይ ውሸት ስትጭን ሁለተኛው ቀላል ነው።

አሥራ ሁለተኛን ስጨርስ የመምህራን ማሰልጠኛ ደረሰኝ። ስሜ ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ተለጠፈ፤ ከሠፈራችን አንድ እኔ ብቻ ነበርኩ። ወረቀቱን ይዤ ገባሁ።

«ሂድ እንጂ ልጄ» አለችኝ። «ወንድምህ ሲመጣ ትሄዳለህ።»

«እማዬ፣ ቀን አለው፤ ያልፋል።»

«እሱ መጥቶ ማን በሩን ይክፈትለት?»

«አንቺ አለሽ።»

«እኔማ ገበያ እወጣለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ። መጥቶ በሩ ተዘግቶ ቢያገኘውስ? የለም፣ ትንሽ ታገስ። ይኸው እጁ መጥቶ የለ? እግሩም ይመጣል።»

ታገስኩ። ቀኑ አለፈ። በእኔ ቦታ ሌላ ገባ መሰለኝ። አልተቆጣኋትም፤ በምን እቆጣለሁ? የዘጋሁት እኔ ነኝ። በሩን ከውጭ ቆልፌ ቁልፉን ይዤ ውስጥ የተቀመጥኩ ሰው ነበርኩ።

የተናገርኩት በሚቀጥለው ዓመት ነው። ደፍሬ እንዳይመስላችሁ። እናቴ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ነጠላዋን ሳታወልቅ «አንድ የቡና መኪና ሾፌር አናግሬያለሁ» አለች። «ማክሰኞ ቡና ጭኖ ይሄዳል፤ ይወስደኛል።»

«ወዴት?»

«ጅቡቲ ነዋ! እሱ ካልመጣ እኔ እሄዳለሁ። አዲስ አበባ ድረስ እሱ ያደርሰኛል፤ ከዚያ ጓደኛው አለ አለኝ። ወደቡ ላይ ጆንያ ጠጋኝ የት ነው ብል ያሳዩኛል።»

እናቴ ከጅማ ወዲያ ሄዳ አታውቅም። ወገቧን ያማታል። በረሃ ማለት ምን እንደሆነ ያ ከንፈሩ ያልዳነው ሰው ፊት ላይ አይቻለሁ። እንጀራዬን ትቼ ተነሣሁ፤ ዳኛው በር ላይ ሄጄ ቆምኩ። እግሬ ነው የወሰደኝ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ሹራቡንም፣ ማሰልጠኛውንም። እሳቸው ከዘራቸውን ሲያዞሩ ቆዩ።

«ያ በጋምቤላ የሞተው ጓደኛዬ» አሉ፣ «እዚያው እንደቀበርኩት ነግሬህ ነበር?»

«መሞቱን ነግረውኛል።»

«በእጄ ቀበርኩት። ተመልሼ ማሻ ስገባ እናቱ መንገድ ላይ ቆማለች። አፌ እንቢ አለኝ። 'ሌላ መርከብ ሊጠብቅ ቀረ' አልኳት። ነገ እነግራታለሁ ብዬ። ከዚያ በኋላ ክረምት በመጣ ቁጥር፣ ባሮ ሞላ በተባለ ቁጥር፣ ስንቅ ቋጥራ ወደ ወንዙ መንገድ ትወጣ ነበር። አንድ ክረምት ወጥታ አልተመለሰችም። ይኸው ሸምግዬ ሰው አረዳለሁ፤ እሷን ግን አላረዳሁም።» ከዘራውን መሬት ላይ መቱ። «ሂድ። ዛሬ። ማክሰኞ ሩቅ አይደለም።»

ሄድኩ። እናቴ ልብሷን እያጠፈች ነበር። ከጣራው ሥር ሹራቡን አወረድኩ፤ አልጋው ላይ፣ ከጭራው አጠገብ አስቀመጥኩት። ቀኝ እጅጌው ከክርኑ በታች የለም። መርፌውንና ሲባጎውን አወጣሁ። የሹራቡን ክር መዘዝኩ። ፊት ለፊቷ ተቀምጬ፣ ከጆንያው ጥግ ላይ፣ መስፋት ጀመርኩ። ሰፋሁ። ደረብኩ። ጎነጎንኩ። ጉንጉኑ ጠበቀ። የጣት ያህል ተውኩለት።

እናቴ ሁለቱን ጭራዎች አየች። አዲሱ ደማቅ አረንጓዴ ነው። አሮጌውን ይዛ ጨውና አቧራው እስኪለቅ በምራቋ አሸችው። ከሥሩ አረንጓዴ ወጣ። ሹራቡን አነሣች፤ በሌለው እጅጌ ውስጥ እጇን አስገባች።

«አይጥ የበላው መስሎኝ» አለች። «ቅርጫቱን ሳወርድ አይቼው... አይጥ ነው ብዬ።»

«እማዬ፣ እኔ...»

«ዝም በል።»

የታጠፈውን ልብስ ፈታችው፤ እንደገና አጠፈችው። ምድጃው ላይ የጣደችው ውኃ ፈልቶ አለቀ።

«እኔ አልሰማሁም» አለች በመጨረሻ። «አንተም አልነገርከኝ። ልጅ እናቱን አያረዳም። ሂድና ዳኛውን እንዲህ በልልኝ፤ እንደ ሰው ይነገረኝ። እንደ ሰው መጥተው በሬን ያንኳኩ።»

በማግሥቱ ገና ጎሕ ሳይቀድ ነቅታለች። ግቢውን ጠረገች። ፊቷን ታጠበች። ከዚያ ተመልሳ ገብታ፣ ጋቢዋን ተከናንባ፣ እንደ ተኛ ሰው ተኛች። እኔ መደቤ ላይ ነኝ። የእግር ኮቴ ሰማን፤ ብዙ ነው። አጥሩ ጋ ቆመ። ከዚያ የከዘራው ድምፅ በሩ ላይ ሦስት ጊዜ።

«ማነው?» አለች እናቴ። ምንም እንደማያውቅ ሰው።

«እኛ ነን። ክፈቺ።»

«በማለዳ ምን እግር ጣላችሁ?»

«ክፈቺ፣ ልጄ።»

እኔ ከፈትኩ። ስድስት ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ባለሱቁም ከኋላ አለ። ዳኛው እንደ ደንቡ ቆመው፣ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ የወንድሜን ስም ከነአባቱ ጠሩ። «ልጅሽ በበረሃ አርፏል» አሉ። «ከአራት ዓመት በፊት ነው። ያየ ሰው ስንጠብቅ ዘግይተን መጣን፤ ይቅር በይን።»

እናቴ ጮኸች። ያንን ጩኸት አልጽፈውም። እኔም ጮኽኩ። ጎረቤቱ በሙሉ እስኪደርስ ድረስ፣ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በገዛ ቤቴ አለቀስኩ።

ረፋዱ ላይ ድንኳኑ ተተከለ። አስከሬን ስለሌለ ልብሱንና ፎቶውን ጠረጴዛ ላይ አኖሩ። አንዷ ጎረቤታችን ጆንያውን ከአልጋው አንሥታ አብራ ልታነጥፍ ስትል እናቴ ከምንጣፉ ላይ ቀና አለች።

«እሱን ተይው። እሱ የዚህ ልጅ ነው» አለች ወደ እኔ እያመለከተች።

ሴቶቹ ከቤቱ ኋላ ንፍሮ ቀቅለው ነበር፤ ስንዴና ባቄላ። ሰው ከታሰበው በላይ መጣ። ሾፌሮች፣ ተሸካሚዎች፣ ልጆቻቸው ወደ አሰብ መስመር ሄደው የተመለሱና ያልተመለሱ እናቶች። አንዷ ሴት ወደ ድንኳኑ ብቅ ብላ ጨው አለቀብን አለች። ሰው ወደ ሱቅ ሊላክ ሲል እናቴ እጇን አነሣች።

«ከአልጋው ሥር እንስራ አለ» አለችኝ። «አምጣላቸው።»

አመጣሁ። የታሰረውን ጨርቅ ፈታሁ፤ እርጥበት ገብቶት ጨዉ እንደ ድንጋይ ተያይዟል። በመርፌዬ ጀርባ እየፈረከስኩ ሰጠኋቸው። ንፍሮው በሰፌድ ሲዞር አንድ እፍኝ ለእናቴ ያዙላት። አልበላም ትላለች ብለን ነበር። አንድ ፍሬ ስንዴ አፏ ውስጥ አስገብታ ቀስ ብላ አላመጠች። ሰው ሁሉ ያያታል።

«ጨው ያንሰዋል» አለች። «ጨምሩበት።»